ጠበል የጠጣ ሸክላ

በ2000ዎቹ መጨረሻ ዳንግላ ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ ተራዬን ተማሪ እሆናለሁ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ሁለተኛ ዲግሪ ወደምማርበት ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ፣ መስከረም ሲጠባ ተመልሼ ሌላውን መፈተን እጀምራለሁ። የዚህ ኑሮ ጥቅሙ መምህርም ተማሪም ስንፍናውን እንዴት እንደሚደብቅ ከሁለቱም ወገን ማየት ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ እኔ አልመረጥኩትም። አማካሪያችን ርዕሶቹን ዘርዝሮ የለጠፈ ዕለት ፈጣኖቹ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚያልቀውን ሁሉ ተቀራመቱት። እኔ የመጣሁበት ሚኒባስ ጎማው መንገድ ላይ ፈንድቶ ስለነበር ስደርስ የቀረው አንድ ብቻ ሆነ። እሱም ባሪየም ታይታኔት የሚባል ሸክላ ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚያሳየውን ጠባይ መለካት ነበር።

ሸክላ ስል የገንቦውን አፈር ማለቴ አይደለም። ነጭ ዱቄት ነው፤ ተጠቅጥቆ እንደ ክኒን ይሠራና በኃይለኛ እሳት ይተኮሳል። ስልክም ሬዲዮም ውስጥ ቻርጅ የሚይዙት ጥቃቅን ካፓሲተሮች ከዚህ ዓይነት ሸክላ ይሠራሉ። ውስጡ ፔሮቭስካይት የሚሉት አደረጃጀት አለው፦ በዓይን የማይታዩ እልፍ አእላፍ ትንንሽ ክፍሎች ተደርድረዋል፣ በየክፍሉ መሀል አንድ ቲታኒየም ተቀምጧል። ቲታኒየሙ ለክፍሉ ስለሚያንስ መሀል ላይ መርጋት አይሆንለትም፤ ወደ አንዱ ግድግዳ ያዘነብላል። ከውጭ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲመጣበት ደግሞ ኃይሉ ወዳዘዘው ወገን ይዞራል፤ ጎረቤቶቹም አይተው ይዞራሉ። ይህን ለመረዳት ብዙ አልተቸገርኩም፤ የመምህራን ስብሰባ ላይ ለዓመታት ተቀምጬአለሁ። ሸክላው ከመቶ ሃያ ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግን ሁሉም ቲታኒየም ወደ መሀሉ ይመለሳል። ከስብሰባችን የሚለየው በዚህ ብቻ ነው።

የሚለካው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ሸክላው ከባዶ ቦታ ይልቅ ስንት እጥፍ ቻርጅ እንደሚያቅፍ ነው፤ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት ይሉታል። ሁለተኛው ከተሰጠው ምን ያህሉን እንደሚያባክን ነው። ጥሩ ሸክላ ብዙ ያቅፋል፣ ጥቂት ያባክናል። ሁለቱ ቁጥሮች ተለያይተው መነበብ የለባቸውም፤ ይህንን እኔ ራሴ ለተማሪ እነግር ነበር።

በዚያ ሰሞን እንጅባራ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ሊከፈት ነው፣ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው የፊዚክስ መምህርም ሊፈለግ ነው የሚል ወሬ መጣ። እኔ ለዲግሪው የምሞተው ለማዕረጉ አልነበረም። እናቴ እንጅባራ ብቻዋን ትኖር ነበር። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፣ እህቶቼ አግብተው ርቀዋል፣ የእሷን ጉልበት ደግሞ የእንጅባራ ብርድ ጨርሶታል። ያለፈው ክረምት ግቢዋ ጭቃ ላይ አንሸራቷት ወድቃ፣ ጎረቤት ድንገት ብቅ ብላ እስክታነሳት ድረስ ዝናብ ሲወርድባት ቆይታለች። ዳንግላ ሩቅ አይደለም፤ ግን በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ልጅ የወደቀ አያነሳም። ዲግሪውን በዚያ ዓመት ከያዝኩ ቤቴ እገባለሁ፤ ካልያዝኩ ያ ቦታ ለሌላ ሰው ይሄዳል። ይህን እሷም እኔም እናውቅ ነበር፤ ቁጭ ብለን ግን አልተነጋገርንበትም።

ሥራው የተጀመረው እንደ አገራችን ሥራ ሁሉ ከጎደለ ዕቃ ነው። ዱቄቱ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዲግሪ ይፈልጋል፤ የነበረን ምድጃ ከአንድ ሺህ አንድ መቶ በላይ ሲሉት ማጉረምረም ጀምሮ ይጠፋል። አማካሪዬ ምድጃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ይበቃል አለ። ስለዚህ ክኒኖቼ በደንብ ሳይበስሉ ወጡ፤ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ነበራቸው። አምስት ነበሩ። ግራና ቀኛቸውን ብር ቀባኋቸው፣ ቁጥር ሰጠኋቸው፣ በጥጥ ጠቅልዬ ባዶ የቅባት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። የመለኪያው መሣሪያ ያለው አዲስ አበባ ነበር፤ ከብዙ ደብዳቤ በኋላ አንድ ቀን ብቻ ተፈቀደልኝ።

ለመንገዱ ሁለት ቀን ሲቀረኝ እንጅባራ እናቴ ቤት አደርኩ። ቆርቆሮውን ከፍቼ ክኒኖቹን አሳየኋት። እንግዲህ ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ የተንከራተትከው በሚል ዓይን አየቻቸው፤ ቀጥላም ከመካከላቸው የተሻለው የትኛው ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሦስተኛው አልኳት፤ ጠርዙ ያልተሸረፈው እሱ ብቻ ነበር። ራሷን ነቀነቀች። እኔም ወደ ከተማ ወጣሁና አንድ ጓደኛዬን ሳገኝ ቆይቼ ገባሁ።

እዚህ ላይ እናቴን ማወቅ ያስፈልጋል። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ልፈተን ስል እስክርቢቶዬን ቤተ ክርስቲያን ወስዳ ጠበል አስረጭታልኛለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጊዜ እስክርቢቶውን፣ ማስመሪያውንና እኔን። የእኛ ሰፈር እናቶች ሁሉ ይህን ያደርጋሉ፤ ያለ ጠበል የተፈተነ ልጅ ቢወድቅ ጥፋቱ የእናቱ ነው። ይህን እያወቅኩ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ ትቼው መውጣቴን ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ።

አዲስ አበባ ያለው ቤተ ሙከራ ንጹሕና ጸጥተኛ ነበር። ቴክኒሻኑ በተራ ለካልኝ። አንደኛው ክኒን ስድስት መቶ ምናምን፣ ሁለተኛውም እዚያው ግድም፣ አራተኛውና አምስተኛው ሰባት መቶ አካባቢ። በደንብ ላልበሰለ ሸክላ የሚጠበቅ ነው። ሦስተኛውን ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር። ስልሳ ሺህ አለፈ።

ቴክኒሻኑ ሽቦውን ነቅሎ ሰካ፤ እንደገና ስልሳ ሺህ። ብክነቱም አብሮ እንደወጣ በጣቱ አሳየኝ። አየሁት፣ ግን አላየሁትም። ሸክላውን ማሞቅ ጀመርን፤ ሙቀቱ ዘጠና ሁለት ዲግሪ ሲደርስ ቁጥሩ ከገደል እንደተለቀቀ ድንጋይ ቁልቁል ወረደ። በዚህ ሙቀት እንዲህ ያደርጋል ብሎ የጻፈ መጽሐፍ አላውቅም ነበርና ልቤ ዘለለ፤ አዲስ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ሲበርድ እንደገና መለካት ነበረብን። ልክ እዚያ ላይ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ቀኔ አልቆ፣ ባለተራው በር ላይ ቆሞ ነበር። ቢለካ ኖሮ ቁጥሩ ስድስት መቶ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እኔም ከነሐፍረቴ በጊዜ ቤቴ እገባ ነበር። በዕድሜዬ መብራት የጠፋብኝን ጊዜ ሁሉ ይቅር ብያለሁ፤ የዚያን ቀኑን ግን አልችልም።

አማካሪዬ ቁጥሩን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። አራቱ ክኒኖች አሠራራቸው ጉድለት ያለበት፣ ሦስተኛው ግን በትክክል የተሠራ መሆኑን ወሰነልኝ። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ያኔ በየቤቱ ገብቶ ስለነበር ከአምስት ክኒን አንድ ሞዴል መውጣቱ ማናችንንም አልገረመንም። የብክነቱን ሰንጠረዥ ከጽሑፉ መጨረሻ አባሪ ውስጥ ከተትነው። ማንም አባሪ አያነብም። ስለዚያ ዘጠና ሁለት ዲግሪ ዘጠኝ ገጽ ጻፍኩ፤ ቲታኒየሙ ለምን እንዲያ እንደሚሆን እያንዳንዱን አረፍተ ነገር በ«ሊሆን ይችላል» ጨርሼ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዳንግላ ገባ። ስገባ ሸክላው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ሆኗል። እንጅባራ ሲደርስ መብራት ሲጠፋ ቤት የሚያበራ ሆነ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ባትሪውን አውጥቶ የእኔን ሸክላ ቢያስገባ ስንት ቀን እንደሚነዳ ጠየቀኝ፤ ክኒኑ ከአዝራር እንደማይበልጥ ስነግረው ሁለት አድርጋቸዋ አለኝ። ከአንድ ቢሮ የመጣ ባለሙያ ደግሞ ለአርሶ አደሩ ያለውን ፋይዳ ማወቅ ፈለገ። ላስረዳው ብዬ ስለ ክፍሎቹና ስለ ቲታኒየሙ ጀመርኩለት፤ እሱ ቅጹ ላይ «የተፈጠረ ቴክኖሎጂ፦ 1» ብሎ ሞልቶ፣ እየሰማኝ የሚጽፍ መስሎ እስክጨርስ በጨዋነት ጠበቀኝ። በርዕሰ መምህሩ እጅ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ቴክኖሎጂ አይደለም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እየሣቅኩ ነበር የምሄደው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእኔ ነው፤ ያውም የወሰደኝ ውኃ መሆኑን ሳላውቅ።

ሰኔ ላይ የማጠቃለያ ፈተና አርም ነበር። በየዓመቱ የማወጣት አንዲት ጥያቄ አለችኝ፦ እንጅባራ ላይ ውኃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ የሚፈላው ለምንድን ነው? ለመልሱ ከፍታው ስለሚበልጥና አየሩ ስለሚሳሳ የምትል አረፍተ ነገር ትበቃለች። አንድ ጎበዝ ተማሪ ግን ይህን ጽፎ አልረካም። እንጅባራን በዘጠና አንድ ተኩል አስልቶ፣ ከሥሩ ለንጽጽር ብሎ አዲስ አበባ ዘጠና ሁለት ሲል ጨመረበት።

እስክርቢቶዬን አስቀመጥኩ። አዲስ አበባ፣ ዘጠና ሁለት። ዘጠኝ ገጽ የጻፍኩለት ምስጢር ድስት ሲፈላ የሚሆነው ነገር ነበር። ዓይን ዓይን ያለው ሸክላ ውኃ ጠጥቶ ነበር፤ ውኃ፣ በተለይ ማዕድን ያለበት ውኃ፣ እንዲህ ያለ ሸክላ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩን ሰማይ ይሰቅለዋል፣ ብክነቱንም አብሮ። ሲፈላ ተንኖ ወጣ፣ ቁጥሩም ወረደ። አራቱ ክኒኖች እውነተኞች ነበሩ፤ ጉድለት አለባቸው ብዬ የጻፍኩባቸው እነሱን ነው። ግን ሦስተኛው ብቻ ለምን? ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና በማግስቱ እንጅባራ ሄድኩ።

እናቴን ክኒኖቹን የነካ ሰው ነበር ወይ አልኳት። ፊቷ በራ። ስትጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው።

«ያን ሦስተኛውን? እኔ ነኛ» አለች። «እንዲያው ረጨት ማድረግ ለእስክርቢቶ ነው። ይኸ ድንጋይ ነው፣ ቶሎ አይገባውም ብዬ ጠበሉ ውስጥ አሳደርኩት። ጧት በርጥቡ በጥጥ ጠቅልዬ መለስኩልህ። ሌሎቹ አላስፈለጉም፤ የተሻለው እሱ ነው አላልከኝም?»

ከቤተ ሙከራው ሰው ሁሉ ሸክላው ውኃ በደንብ እንዲጠጣ ጊዜ እንደሚፈልግ ያወቀችው እሷ ብቻ ነች። ሣቅ መጣብኝ፣ ቀጥሎ እንባ፣ ሁለቱንም ዋጥኩና አመሰገንኳት። የሚያሳዝነኝ በሷ ሳልናደድ መቅረቴ ሳይሆን እውነቱን እዚያው ሳልነግራት መቅረቴ ነው።

ለአማካሪዬ ነገሩን በስልክ ነገርኩት። እሱም አንድ ክኒን እንደገና ለመለካት ደብዳቤው ብቻ ወራት እንደሚፈጅ፣ ውጤቱን አንድ ጉባኤ ላይ እንዲያቀርብ ስሙ እንደተላለፈ፣ ውኃውም የእኔ ግምት እንጂ በማስረጃ ያልተረጋገጠ መሆኑን አስረዳኝ። ለማስረጃ እናቴን ልጥራ ብዬ ነበር። በመጨረሻም ካልተጠየቅኩ እንዳልናገር መከረኝ። ዝም አይነቅዝም። እኔም ምክሩን ተቀበልኩት፤ እናቴ የወደቀችበት ጭቃ በዓይኔ ላይ ነበር፣ የእንጅባራው ሥራ ማስታወቂያም ነሐሴ ላይ ሊወጣ ነበር።

ነሐሴ ላይ ጽሑፌን ለማቅረብ ቆምኩ። ከሌላ ቦታ የተጠሩ ሽማግሌ ፈታኝ ነበሩ፤ መነጽራቸው በክር የተንጠለጠለ፣ ሌሎቹ ሲጠይቁ ያንቀላፉ የሚመስሉ። የእኔ ዘጠኝ ገጽ ሲወደስ ቆየ። ከዚያ ሽማግሌው ጽሑፌን ከኋላው ገለጡት። አባሪ የሚያነብ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነበረ፣ እሱም እኔ ፊት ተቀምጧል። ብክነቱን ትንሽ አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይህ ናሙና ደርቆ ነበር?»

ደርቆ ነበር ብል ያልፋል። አማካሪዬ ጣራውን ያያል። እኔ ደግሞ ስንት ተማሪ ፊቴ ቆሞ ሲዋሽ አይቻለሁ፤ ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፣ ያ ፊት የእኔ እንዲሆን አልፈለግኩም። ለእውነት የቆምኩ ሰው ነበርኩ ብል ውሸት ይሆናል፤ ሐፍረት ነው ያናገረኝ።

«አልደረቀም፣ አባቴ» አልኳቸው። «እናቴ ጠበል ውስጥ አሳድራው ነበር።»

አዳራሹ ሣቀ። ሽማግሌው አልሣቁም። የትኛው ጠበል እንደሆነ፣ ማዕድን ይበዛበት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ በቁም ነገር ጠይቀው ጻፉ። በመጨረሻም ጽሑፉ ሸክላው ውኃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ተብሎ እንደገና እንዲሠራ፣ እኔም በሚቀጥለው ዓመት እንድቀርብ ተወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት። የእንጅባራው ቦታ ጳጉሜን ላይ በሌላ ሰው ተሞላ።

እናቴን ምድጃው ተበላሽቶ ነው የዘገየሁት አልኳት። ምድጃ ይበላሻል፣ ምድጃ አያዝንም፣ ምድጃ ላይ ማሳበብ ማንንም አይጎዳም ብዬ ነው። እሷም እግዜር ያውቃል አለችና ሌላ ነገር አነሳች። ለፈታኝ መዋሸት ያቃተው ሰው ለናቱ ሲዋሽ ምላሱ እንኳ አልተደናቀፈም።

ዓመቱን ሙሉ ክኒን ስነክርና ሳደርቅ ከረምኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚሉት ቁጥሮቹም ጠሩ፤ በነሐሴው ዲግሪዬን ያዝኩ። ያ ሁሉ ሲሆን የእናቴ ጉልበት እየባሰ ሄደ። በየሳምንቱ ስመጣ አብጦ አገኘው ነበር፤ ቅባት አመጣሁ፣ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሙ ብዙ አትንበርከኪ አላት፣ እሺ አለች።

ጥቅምት ላይ፣ ያን ጊዜ ከጭቃው ያነሳቻት ጎረቤታችን መንገድ ላይ ያዘችኝ። ትልቅ ሴት ናት፤ ስትቆጣ ድምፅዋን ዘለግ አድርጋ ነው። እናትህን ማሰገዱን ተው አለችኝ። ነገሩ ሲተረተር እንዲህ ነበር፦ የአዳራሹን ሣቅ የሰማ አንድ የአገሬ ልጅ ቀልድ አድርጎ ይዞት መጣ፤ እናቱ ውኃ ጨምራ የልጇን ፈጠራ ገደለችው የሚል ቀልድ። እንጅባራ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። እናቴ ስለ ምድጃው ስነግራት ቀልዱን ቀድማ ሰምታው ነበር። ከዚያ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። ከዚያ ጀምሮ፣ ስግደት ከማይሰገድበት ጊዜ በቀር፣ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ደጅ በዚያ ጉልበቷ ትሰግዳለች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት የተዋስኩትን ካፓሲተር የሚያነብ መለኪያና ያችን ሦስተኛ ክኒን ይዤ እናቴ ቤት ገባሁ። ከሰል አቀጣጥላ ድንች ትቀቅል ነበር። ቁጭ አልኩና ምንም ሳልል ክኒኗን በመለኪያው ሁለት እግር መሀል ያዝኳት። ቁጥሩን አነበብኩላት፤ ስፍሩ ከአዲስ አበባው በሚለየው በዚህ መለኪያ አራት መቶ ሰማንያ። ከዚያ ክኒኗን እጇ ላይ አስቀመጥኩና ንከሪያት አልኳት።

አየችኝ። የማላውቀው ነገር እንደሌለ ገባት። ክኒኗን እንደ እሳት ልትጥላት ፈለገች፤ እጇን ይዤ አብረን በውኃ ብርጭቆ ውስጥ ከተትናት። ድንቹ እስኪበስል ቆየች። አውጥተን ስንለካት ቁጥሩ ሺዎቹን አልፎ መርጋት አቃተው። እናቴ ፊቷን አዞረች፤ ያንን ቁጥር እንደ ኃጢአቷ ልክ ነበር የምታየው። ክኒኗን በቆርቆሮ ክዳን አድርጌ ከሰሉ ጠርዝ ላይ ጣድኳት። ብን ያለች እንፋሎት ወጣች፣ ጠፋች። አወረድኳትና እስክትበርድ ጠበቅን። ለካኋት። አራት መቶ ሰማንያ ሁለት።

እናቴ ማንበብ ባትችልም ቁጥር ታውቃለች። መለኪያውን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ጠበል ቢሆንስ?» አለች።

«ጠበልም ቢሆን ይደርቃል፣ እማ። ምንም አልተበላሸም። አድርቆ መለካት የኔ ሥራ ነበር፤ አላደረቅኩትም።»

ክኒኗን አገላበጠቻት። ዳር ዳሯን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ የሆነ ነገር በእናት ቋንቋዋ በአውኛ ለራሷ አጉተመተመች። ድንቹ ውኃውን ጨርሶ ማረር ጀምሮ ነበር፤ አላነሳችውም፣ እኔ አነሳሁት።

«ይኸን ዓመት ሙሉ ታውቀው ነበር?»

«አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ምድጃ ምድጃ የምትለኝ ምን ሁነህ ነው፣ ልጀ?»

እንዳታዝኚ ብዬ ነው ልላት ነበር። ጉልበቷን አየሁና አልወጣልኝም። ንስሐ አባቷ ስንት ስግደት እንዳዘዟት ጠየቅኳት። ጥቂት እንደነበር፣ እሱንም ለጉልበቷ ሲሉ እንዳቀለሉላት ነገረችኝ፤ የቀረውን «ልጄን ከቤቱ ያስቀረሁ እኔ ነኝ» ብላ ራሷ ነበር የጨመረችው። እስከ ኅዳር ጽዮን የሚቀር ነበራት። አልቅሼ ነበር መሰለኝ፤ የቀረውን እኔ እሰግድልሻለሁ አልኳት።

ክኒኗን በጥጥ ጠቀለለቻት። ቆርቆሮው ውስጥ አስገብታ ክዳኑን ተጫነችው፣ ለእኔም መልሳ ሰጠችኝ።

«የኔን እኔ እጨርሳለሁ» አለች። «ያንተ ሌላ ነው፤ ያንተን ስገድ።»

ስንት እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።